የእናንዬ እስክሪፕቶ በወገቤ ላይ

የበደለችኝ የሟች ባሌ እኅት እናንዬ ናት። ጊዜው አምስተኛው ምርጫ በተደረገበት ዓመት፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ቦታው ፍኖተ ሰላም። ስሟን አልደብቅም። እሷ የእኔን ስም በየስብሰባው ስታነሣው ኖራለች፤ እኔ የእሷን አንድ ጊዜ ባነሣው ሰማይ አይደፋም።

አስቀድሜ ስለ እናንዬ ልንገራችሁ፤ ወገቤ ጋ በኋላ እንደርሳለን። ወገቤ እንደሆነ የትም አይሄድብንም፤ እንዲያውም አልሄድም ብሎ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው። እናንዬ በሰፈሯ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ነበረች። ያን ዘመን ላላወቀ ሰው፣ ጠርናፊ ማለት ጎረቤቶቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ስለ ማዳበሪያውም፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓዱም፣ ስለ ምርጫውም በእነሱ ስም የሚናገር ሰው ነው። ሌላው ሰው ሹመቱ ሲደርሰው እንደ ሸክም ያየዋል። እናንዬ ግን ከእናቷ ማሕፀን ጠርናፊ ሆና ነው የወጣች። ሻሿ ውስጥ ሁልጊዜ ሰማያዊ እስክሪፕቶ ሰክታ ትዞራለች። «ተስማምተናል» የምትለዋ ቃል ከአፏ አትጠፋም። የተስማሙት ሰዎች መስማማታቸውን የሚሰሙት ከእሷ ነው።

ከእኔ ጋር የተጣላነውም በዚችው ቃል ነው። በባሌ ተዝካር ዕለት ሽማግሌዎች ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው፣ «ቡሬ ዳር ያለውን ማሳ እንግዲህ ማን ይረሰው?» ብለው ጠየቁኝ። በቆሎና በርበሬ የሚሰጥ፣ እኔና ባሌ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅመን ያቀናነው ማሳ ነው። እንባዬን ጠርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ የእናንዬ ድምፅ ቀደመኝ።

«ተስማምተናል! ልጄ እኩል ያርሰዋል፤ ምርቱን ይካፈላሉ።»

«እሰይ! ቤተ ዘመድ ማለት እንዲህ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹ መረቁ። ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። አፌ እንደተከፈተ ቀረ፤ ዝንብ ሊገባበት ምንም አልቀረው።

ያን ዕለት ከዳሱ ጀርባ ሄጄ፣ እናንዬ በምትሰማበት ቦታ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ላይወጣኝ በሚካኤል ማልሁ። ልብ በሉ፣ የማልሁት እሷን ላላናግር ብቻ አይደለም። እሷ ባለችበት ጭራሽ ላልናገር ነው። አፌን ከወሰደችው ትውሰደው፤ ድምፄን ግን አታገኛትም አልሁ። እልኸኛ ናት ትሉ ይሆናል። በሉ፤ ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ብሎታል።

ወደ ወገቤ ልመለስ። ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ ታፋዬ ቁልቁል ይወርድና እስከ እግሬ አውራ ጣት እንደ ጋለ ሽቦ ይሄዳል። ቡሬ ላይ ኪኒን ሰጡኝ፤ ኪኒኑ ሆዴን አሳመመኝ እንጂ እግሬን አላወቀውም። ልጄ ስመኝ መራዊ ከተማ አስተማሪ ናት። እሷ ባሕር ዳር ወስዳ ኤምአርአይ አስነሣችኝ። እንደ በር የሚሰፋ ጥቁር ፊልም በትልቅ ፖስታ አስታቀፉኝ። በወገቤ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ነገር አፈንግጦ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል አሉ። ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ በኤክስሬይ እየታየ ቀጭን መርፌ እነርቩ አጠገብ ገብቶ መድኃኒት ይፈስበታል። ይህን የሚሠራ ሐኪም ከአዲስ አበባ መሣሪያውን ይዞ ፍኖተ ሰላም አንድ የግል ክሊኒክ ለጥቂት ቀን ይመጣል ተባለ። ስመኝ ፈተና ላይ ነበረች፤ መምጣት አልቻለችም። ክሊኒኩ ደግሞ ያለ አስታማሚ አንቀበልም አለ። የወለድኋት ልጅ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እናንዬ ጋ ደወለች።

እናንዬ ደስታዋን አትጠይቁኝ። በመነኻሪያው ቆማ፣ ከሚኒባሱ ገና ሳልወርድ፣ «የወንድሜ ሚስት! እኔ እያለሁ ማን ሊያስታምምሽ!» እያለች ለመንገደኛው ሁሉ አስታወቀች።

ቤቷ እንዴት እንደኖርሁ ልንገራችሁ። የምናገረው ነገር ሲኖረኝ እግሬን እየጎተትሁ እስከ አጥሩ ጥግ እወጣለሁ። እዚያ የእናንዬ ባል አያ ደሴ ግንድ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ለእሱ እነግረዋለሁ፤ እሱ ገብቶ ይነግራታል።

«አያ ደሴ፣ ሽሮው ጨው የለውም በልልኝ።»

ደሴ ይገባል። ከውስጥ የእናንዬ ድምፅ እስከ ጎረቤት ይሰማል። «ጨው እያበዛች ነው ወንድሜን የገደለችው በላት! እኔ ቤት ጨው በልክ ነው በላት! ደግሞ ለሕመምተኛ የምትበላውን ማን ያስመርጣታል በላት!»

ደሴ ተመልሶ ይወጣና ግንዱ ላይ ይቀመጣል።

«ምን አለች?» እለዋለሁ፤ መስማቴንማ ሰምቻለሁ።

«ሰምታለች» ይላል።

ነገር ያሳጥራል። ከእናንዬ ጋር የኖረ ሰው አንደበቱ ቢያጥር አይፈረድበትም። ለምን ባለችበት እንደማልናገር አንድ ቀን ጠይቆኝ የነገርሁትም እሱን ብቻ ነው።

ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ነው፤ እኔን እያየ ነው የሚጠይቀኝ። የምትመልሰው ግን እናንዬ ናት።

«ስኳር አለብዎት እማማ?»

«የለባትም» አለች እናንዬ።

«ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ምን ደም አላትና ይቀጥናል!»

«የማይስማማዎት፣ አለርጂ የሚሆንብዎት ነገር አለ?»

የማይስማማኝ ነገር አጠገቤ ቆሞ «የላትም» አለ።

«እርግዝናስ?»

እናንዬ በሳቅ ፈነዳች። «አንቱ ዶክተር! ወንድሜን ከቀበርነው በኋላ?»

«ኤክስሬይ ስላለው ሴት ታካሚ ሁሉ ይጠየቃል፤ ደንብ ነው።»

«እንግዲያው የለም ብለው ይጻፉ። ተስማምተናል።»

የሚያበሳጨው መልሶቿ ትክክል መሆናቸው ነው። ብትሳሳት ኖሮ ጥሩ ቂም ይወጣኝ ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ አጋደመኝና ግራ እግሬን ወደ ላይ አነሣው፤ ምንም አላልሁ። ቀኙን ሲያነሣው ግን ጮኽሁ፤ ጩኸቴ ገበያተኛ ሳያስደነግጥ አልቀረም። ጩኸት ቃል ስላልሆነ መሐላዬ አልተነካም። እሱም ገለበጠኝና ወገቤ ላይ በቀኝ በኩል ወይን ጠጅ በሆነ ማርከር ክብ ምልክት አደረገ። «ነገ የምንሠራው በዚህ በኩል ነው። ምልክቱ እንዳይጠፋ። አይታጠቡ፣ አይታሹ፣ ምንም ነገር አይቀቡ» አለ።

«እኔ እያለሁ?» አለች እናንዬ። «ዝንብ አያርፍበትም!»

እውነቷን ነው፤ ዝንብ አላረፈበትም።

ቤት ስንደርስ ጠያቂ ሞልቷል። እናንዬ ጠርታ ነው እንጂ ፍኖተ ሰላም ውስጥ እኔን ማን ያውቀኛል? እያንዳንዱ እንግዳ ዳቦውን አስቀምጦ ፊልሙን ከፖስታው ይመዛል። በሩ ላይ ወደ ፀሐይ ይዘረጋዋል። በፊቱ ይያዙት በጀርባው የሚያውቅ የለም፤ አስተያየት ግን ሁሉም አለው። አንዱ «ይቺ ነጯ ናት ነርቭ» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ነጩ አጥንት ነው፤ ጥቁሩ ነው በሽታው» ይላል። የአንዷ ሴትዮ ጣት በርበሬ ነበረበት፤ እስከ ዛሬ ፊልሙ ላይ አለ። ሐኪም ቢያየው አዲስ በሽታ ይለዋል።

ከእንግዶቹ አንዷ ናት ነገሩን ያመጣችው። «የደረቀ ወገብ መርፌ አይቀበልም። በቅቤ ታሽቶ ማደር አለበት» አለች።

እናንዬ በሰው ፊት ደግ ለመሆን የምታገኘውን አጋጣሚ አታሳልፍም። ወዲያው ቅቤዋን ይዛ መጣች። መደቡ ላይ በአፍ ጢሜ ተኝቻለሁ። ሐኪሙ ያለውን ሁለታችንም ሰምተናል። አፌን ልክፈት? አልከፍትም፤ ምያለሁ። ተነሥቼ ልሂድ? እግር የለኝም። ራሴን በኃይል ነቀነቅሁ።

«አያችሁ፣ ተመችቷታል» አለች ለእንግዶቹ። አሸችኝም። ሊጥ የምታቦካ ነው የሚመስለው።

እንግዶቹ ሲወጡ ነው ድንጋጤው የመጣ።

«ኧረ ጉዴ! ደሴ! ምልክቱ የት ሄደ?»

«የምን ምልክት?» አለ ደሴ ከበሩ።

«ወገቧ ላይ የነበረው! የት ጋ ነበር?»

«የሰው ሚስት ወገብ አላይም» አለና ወደ ግንዱ ተመለሰ።

እናንዬ ፊልሙን መዘዘች። በሩ ላይ ይዛ አገላበጠችው፣ አዘቀዘቀችው፣ አቃናችው። «በዚህ በኩል ነው» አለች ለራሷ። ከሻሿ ውስጥ እስክሪፕቶውን አወጣች። ቅቤ ላይ እስክሪፕቶ አይጽፍም። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችኝ፤ መዳፏ ላይ ሞከረችው፤ እፍ አለችበት፤ እንደገና ወጋችኝ። በመጨረሻ ጻፈላት። ክብ ሠራች። በግራ በኩል!

ጀርባዬን ባላየውም የገዛ ሥጋዬ ነውና የት እንደተነካሁ አውቃለሁ። እየተጎተትሁ እስከ አጥሩ ወጣሁ።

«አያ ደሴ፣ ግራዬ ላይ ነው የሣለችው። ሕመሙ ቀኝ ነው በልልኝ።»

ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ ወጣ።

«ከፊት ሲታይ ቀኝ ነው ትላለች።»

«ወገብ ከፊት በኩል አለኝ እንዴ እኔ?»

«ይህንንም ልንገራት?»

«ተወው» አልሁ። ነገ ሐኪሙን ለብቻው ሳገኘው እነግረዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ። እናንዬን ያህል ዘመን አውቄ ሐኪም ለብቻው ይገኛል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው።

በማግሥቱ መርፌው ወደሚሠራበት ክፍል ወሰዱኝ። ጠባብ አልጋ ላይ በደረቴ አስተኙኝ፤ ፊቴ ቀዳዳ ባለው ትራስ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የማየው ወለሉንና የሰውን እግር ብቻ ሆነ። ነጭ ጫማ ያደረገችው ነርሷ ናት። አረንጓዴ ነጠላ ጫማው ሐኪሙ። በላዬ እንደ ቀስት የተጠማዘዘ መሣሪያ አመጡ። ሁሉም ከጨረሩ የሚከልል የእርሳስ ሽርጥ አጠለቁ፤ እንደ ጦርነት ማለት ነው። እኔ ብቻ ወገቤ ራቁቱን። ምልክቱን ትተው ዙሪያውን በአልኮል አበሱኝ፣ ጨርቅ አለበሱኝ፤ «ከእንግዲህ እጅዎንም እግርዎንም እንዳያንቀሳቅሱ፤ ንጽሕናው ይበላሻል» አለችኝ ነርሷ።

የክፍሉ በር መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ሥር ደግሞ አንድ ጥንድ ቢጫ ኮንጎ ጫማ ቆሟል። ጫማዋን እንኳን በቀዳዳ፣ በጨለማም አውቀዋለሁ።

«ሲስተር፣ ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ላብ ነው!» አለ መጋረጃው።

«ይህስ ምልክት? የእኔ ማርከር ወይን ጠጅ ነው። ይህ ሰማያዊ ነው።»

«አድሮ ነው ቀለሙ የተለወጠ።»

«ጎኑም አድሮ ተለወጠ? ካርዱ ላይ ቀኝ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ምልክቱ ግራ ነው።»

እንግዲህ የእናንዬ ደግነት እዚህ ላይ ተለካ። «ቅቤ ቀብቼ አጠፋሁት» ብትል ነገሩ ያልቃል። አላለችም። «ግራው ነው ዶክተር! ካርዱ ተሳስቶ ነው!» አለች። ጥፋቷን ከምትናገር እኔ በደህናው ጎኔ ብወጋ ይሻላታል።

«ፊልሙ ላይ በሁለቱም በኩል ትንሽ ትንሽ ወጥቷል» አለ ሐኪሙ። «ይህ መሣሪያ መርፌው የት እንደደረሰ ያሳየኛል፤ የሚያምዎትን ጎን ግን አያሳየኝም። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እማማ፣ የትኛው እግር ነው?»

ዝም አልሁ። ቢጫው ኮንጎ አልነቃነቅ ብሏል።

«ዝምተኛ ናት፤ እኔ እናገርላታለሁ» አለች እናንዬ።

«የሚወጋው የእሷ ወገብ ነው።»

«የእሷን ነገር ሁሉ የምናገር እኔ ነኝ። እኔም ግራ ብያለሁ፤ ምልክቱም ግራ ይላል። ካርዱ ብቻውን ቀረ። ብልጫው የታወቀ ነው!»

«በድምፅ ብልጫ ወገብ አልወጋም» አለ ሐኪሙ። «ይህ ቦታ ከነርቭ አጠገብ ነው። ካርዱ፣ ምልክቱና ታካሚዋ ካልተስማሙ መርፌ አላነሣም።»

«ተስማምተናል እኮ!»

ነርሷ ልታስወጣት ሄደች። ኮንጎው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና ቆመ። በምልክት ልናገር ብዬ ቀኝ ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁት። «አይንቀሳቀሱ!» ብለው ሁለቱም ጮኹብኝ፤ ጨርቁን ሁሉ አንሥተው እንደገና ያለብሱኝ ጀመር።

«እማማ» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፤ አረንጓዴው ጫማ ወደ ፊቴ ቀረበ። «እኔ ዛሬ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ካልነገሩኝ ልብስዎን ይልበሱና ይሂዱ። በግምት አላደርገውም።»

ይሂዱ ይለኛል። በየትኛው እግሬ ነው የምሄደው? ወደ ቡሬ ተመልሼ መደብ ላይ ልጋደም፣ እናንዬ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣች በእኔ ስም ልታመሰግን። ሚካኤልን ይቅር በለኝ አልሁት።

«ቀኙ ነው» አልሁ።

ድምፄ የዛገ ማጠፊያ ይመስል ነበር።

«አልሰማሁም?»

«ቀኙ! ግራውን የሣለች እሷ ናት! ያንቱን በቅቤ አጥፍታ!»

ኮንጎው ዘለለ። «በሚካኤል ምላ የለ እንዴ! እኔ ባለሁበት ላትናገር!» አለች እናንዬ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ለካ ታውቅ ኖሯል። ደሴ ነግሯት ኖሯል። እኔ በዝምታዬ ስቀጣት የኖርሁ መስሎኝ፣ እሷ እንደ ደህና በሬ ጠምዳኝ ስታርስብኝ ኖራለች። ግራ ነው ስትል የተማመነችው በመሐላዬ ነበር።

ሐኪሙ ሰማያዊውን ክብ በአልኮል ጠርጎ አጠፋው። ካርዱን ለነርሷ ጮክ ብሎ አስነበባት። «ቀኝ» አለች እሷ፤ «ቀኝ» አለ እሱ፤ «ቀኝ» አልሁ እኔም። ማደንዘዣው እንደ ንብ ነደፈኝ፤ ቀጥሎ ዋናው መርፌ ገባ። እኔ ደግሞ ከተዝካሩ ዕለት ጀምሮ የታሰረው አፌ ተፈታ።

«እናንዬ! ልጅሽ በርበሬዬን በጆንያ እያስጫነ—»

«ትንፋሽ ይያዙ» አለ ሐኪሙ። ያዝሁ። መሣሪያው ጢጥ አለ። «ይተንፍሱ።»

«—እያስጫነ ለእኔ ውዳቂውን የሚልክልኝ በማን ስምምነት ነው? ማሳዬን ስጭ ያለሽ—»

«ይያዙ።» ጢጥ። «ይተንፍሱ።»

«—ማን ነው? እኔ ነኝ? ባሌ ከመቃብር ወጥቶ ነው?»

«እማማ፣ አፍዎ እንደፈለገ ይሁን፤ ወገብዎ ብቻ አይንቀሳቀስ።»

አልተንቀሳቀሰም። እንደዚያ ቀን ረግቼ ሰው ሰድቤ አላውቅም። መድኃኒቱ ቦታውን እንዳይስት ቀድሞ ማቅለሚያ አስገብቶ አየ። «አሁን የሚወርድ ነገር ይሰማዎታል?» አለኝ።

«ይሰማኛል።»

«የት?»

«በቀኝ ታፋዬ። እዚያው በሚያመኝ መንገድ።»

«እሱ ነው» አለ። መድኃኒቱን አስገባ። ዓይኔን አዙሬ በቀዳዳው ወደ በሩ ሳይ ኮንጎው የለም። በቦታው የደሴ የተቀደደ ጫማ ቆሟል።

«እቴ» አለ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ይህንንም ልንገራት?»

«ሰምታለች» አልሁት።

ማረፊያ ክፍል አስተኝተው እግሬን አነቃንቂ እያሉ ሲፈትኑኝ፣ እናንዬ ፔርሙዝ አጥሚት ይዛ እየሳቀች ገባች። ከኋላዋ የትናንቶቹ ጠያቂዎች ተከትለዋል። «ሐኪሙ በግራ ሊወጋት ሲል፣ ኧረ ቀኙ ነው ብዬ ያስጣልሁ እኔ ነኝ!» አለቻቸው። እነሱም «እሰይ፣ ቤተ ዘመድ ማለት እንዲህ ነው» ብለው መረቋት። አጥሚቱን አልጠጣሁም።

እግሬ ፈጽሞ ዳነ አልልም፤ ግን ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። መሐላ በማፍረሴ የንስሐ አባቴ ስግደት አዘዙብኝ። ሐኪሙ አትጎንበሺ ብሎኛል አልኋቸው። ተቆጡና በጾም ለወጡልኝ።

ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ ዘር ሳይገባ፣ ቀበሌ ሄጄ ማሳውን ከእናንዬ ልጅ ወሰድሁ፤ ለአንድ ጎረቤቴም እኩል ሰጠሁት። እናንዬ እዚያ ነበረች። አፏን ስትከፍት ቀድሜ ተናገርሁ። ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት ሁሉ እናገራለሁ። እሷን ግን አላናግራትም።